ቃል ቁጥር 214

1.

ማስታወቂያ

በክፍል 12 የሚገኘው፣ አንድ እግሩ የሚወላገደው ወንበር ከዛሬ ረቡዕ ጀምሮ ካለበት እንዳይነሳ፣ እንዳይጠገን፣ ማንም እንዳይቀመጥበት የክሪስታል ኬሚስትሪ ቃላት ኮሚቴ በሙሉ ድምፅ ወስኗል።

2.

ሙሉ ድምፅ ማለት ዶክተር አስናቀ ናቸው። እጃቸውን አወጡ። ቆጠሩ።

አንድ።

አሳለፉ።

3.

ኮሚቴው ሲቋቋም ሦስት ነበሩ፦ ከኬሚስትሪ አስናቀ፣ ከጂኦሎጂ ሙሉእመቤት፣ ከፊዚክስ ኡመር። ሦስቱ ትምህርት ክፍሎች አንዱን ነገር በሦስት ስም እየጠሩ ተማሪውን ስላሳበዱት፣ ለእያንዳንዱ ነገር በአንድ የአማርኛ ቃል ተስማምተው መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጁ ተባለ። ዶክተር ኡመር «ክሪስታልን ክሪስታል እንበለው ወይስ አንበለው» የሚለው ክርክር ሰባተኛ ሳምንቱን ሲይዝ በጽሑፍ ለቀቁ። በጽሑፍ መልቀቃቸውን ያዝልኝ፣ አንባቢ። ኋላ ይፈለጋል።

የቀሩት ሁለቱ በአሥራ አንድ ዓመት 213 ቃል ጨረሱ።

4.

ቅጽ
ቃል ቁጥር፦ 214
ፍቺ፦ በክሪስታል ሰልፍ ውስጥ አቶም ሊኖርበት ሲገባ የሌለበት ስፍራ
ዶ/ር አስናቀ፦ ባዶ ቦታ
ዶ/ር ሙሉእመቤት፦ የጎደለ ቦታ
ውሳኔ፦ ይደር። ይደር። ይደር። ይደር።

5.



(ይህ ቁጥር የዶክተር ሙሉእመቤት ነው። በፈቃድ ላይ ናቸው።)

6.

ከድሮ ቃለ ጉባኤ። ጸሐፊዋ ስንዱ የሰማችውን ሁሉ ትጽፍ ነበር።

ሙሉእመቤት፦ ባዶ ማለት ማንም ያልነበረበት ነው። እዚህ ግን አጠገቡ ያሉት አቶሞች ከቦታቸው ፈቀቅ ይላሉ። መጉደሉን ያውቁታል።

አስናቀ፦ አቶም ምን ያውቃል? ደግሞ መጀመሪያ ያንን አሞሌ ጨው ከአፍሽ አውጪው! ወረቀት መጫኛ ነው!

ሙሉእመቤት፦ ጂኦሎጂስት ድንጋይ ካልላሰ ምኑን አወቀው?

አስናቀ፦ እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ናሙና ቀምሼ አላውቅም።

ሙሉእመቤት፦ ያስታውቅብሃል። (ሳቅ)

7.

ዶክተር ሙሉእመቤት ከሞቱ አሥራ ዘጠኝ ወር ሆናቸው።

በደንቡ መሠረት ያልተገኘ አባል በጽሑፍ እስካልለቀቀ ድረስ የመጨረሻ ድምፁ ይቆጠራል። ደንቡን ያረቀቁት ዶክተር አስናቀ ናቸው፤ ሞትን ረስተውት። ስለዚህ በየረቡዑ፣ አንድ ለአንድ። በየቃለ ጉባኤው፦

ያልተገኙ፦ ዶ/ር ሙሉእመቤት (በፈቃድ)

8.

ስብሰባን ለብቻ ለመምራት፦

ስምንት ሰዓት ላይ በሩን ክፈት። «ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል» በል። «ተቃውሞ ያለው?» ብለህ ጠይቅ። ወደሚወላገደው የዶክተር ሙሉእመቤት ወንበር ዞረህ ጠብቅ።

ትንሽ ጨምረህ ጠብቅ።

9.

ስንዱ ወደ ዲኑ ቢሮ ከተዛወረች ቆይታለች። ዛሬ መጣች።

«ዶክተር፣ መዝገበ ቃላቱ አሁኑኑ ማተሚያ ቤት ይግባ ተብሏል። ያልተወሰነ ቃል ካለ ይሰረዛል። ክፍሉም ለፎቶ ኮፒ ይፈለጋል።»

«214ስ?»

«እሱም ይሰረዛላ!» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንድ መስመር እኮ ነው የሚበቃዎት። ‹በሞት ተለይተዋል› ብለው ይጻፉ፤ ድምፃቸው ይወርዳል፤ የእርስዎ ቃል ያልፋል። አሸነፉ ማለት ነው።»

«አሸነፍኩ?»

«አዎ።»

«ውጪ ጠብቂኝ እስኪ፣ ስንዱዬ።»

10.

ዶ/ር አስናቀ፦ የጎደለ ቦታ
ዶ/ር ሙሉእመቤት (በፈቃድ)፦ የጎደለ ቦታ
ውሳኔ፦ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል
ድምፁን የቀየረ አባል ምክንያቱን እዚህ ያስፍር፦

 

 

11.

ስንዱ ተጠርታ ገባች። ቅጹን ከአሞሌው ሥር ስባ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ አሞሌውን አየችው፤ አንድ ጥጉ ርሷል።

«ዶክተር… ጨዉን ቀመሱት እንዴ?»

ዶክተር አስናቀ ከንፈራቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«እሺ ይሁን። ምክንያት የሚለው ግን አልተሞላም። ዲኑ ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?»

«አላብራራም» አሉ ዶክተር አስናቀ። «እንዳለ ውሰጂው።»