የተተረተረው ቀሚስ

በዚያ ቤት ልብስ ስፌት የአባወራው መተዳደሪያ ነው፤ ኩርፊያ ደግሞ ተሰጥኦው። ሲናደድ አይጮኽም፣ አይሳደብም፣ ዕቃም አይወረውርም። ፊቱን ቋጥሮ ግራ ትከሻውን ለሰው ይሰጥና፣ ከልብሱ ዳር አንዲት ክር መዝዞ ሌባ ጣቱ ላይ እየጠቀለለ ዝም ይላል። አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፤ አንዴማ ከሚስቱ ጋር በመጋረጃ ቀለም ተጣልቶ ሃያ ሁለት ቀን ዝም ብሏል። የሰፈር ሰው «መርፌው» ይለዋል። ለቅጥነቱ የሚመስለው እሱ ብቻ ነው።

ያን ሃያ ሁለት ቀን በባልና ሚስት መካከል ወሬ ስታመላልስ የከረመችው ትልቋ ልጃቸው ናት። ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር።

«እማዬ፣ አባዬ ካልሲዬ የት ነው ይላል።»

«እግርህ ላይ ነው በይው።»

«አባዬ፣ እግርህ ላይ ነው ትላለች።»

«ሰምቻለሁ በያት።»

ልጅቷ ከሳሎን ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት ሳሎን ስትሮጥ እየሳቀች ነበር። አባትየውም ጨዋታ እንደሆነላት አስቦ ነገሬ ሳይለው ቀረ።

ይኸው አሁን አሥራ አራት ዓመት ሞላት። ዘንድሮ በትምህርት ቤቷ የተማሪዎች የእጅ ሥራ ለእይታ የሚቀርበው የፊታችን ዓርብ ነው፤ አስተማሪዋም «የሌላ ሰው እጅ እንዳይገባበት» ብላ አስጠንቅቃለች። ልጅቷ ሁለት ወር ሙሉ፣ አባቷ ምሳ በልቶ ጋደም ሲል እየጠበቀች፣ ከሱ ቁርጥራጭ ጨርቆች አንድ ሰማያዊ ቀሚስ ሰፋች። በእሱ የስፌት መኪና፣ በእሱ ክር። ሰኞ ዕለት ጨርሳ የመስፊያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰቀለችውና ትምህርት ቤት ሄደች።

መርፌው ቀሚሱን አየው። ኮሌታው ወደ ቀኝ ዘመም ብሏል። አንዱ እጅጌ ካንዱ ያጥራል። የዘርፉ ስፌት እንደ ጉንዳን መንገድ ይጠማዘዛል። ሃያ ዓመት ልብስ የሰፋ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እያየ ሱሪ መተኮስ አይሆንለትም። ምላጩን አነሳ፤ ስፌቱን አንድ በአንድ ተረተረው። ከዚያ እንደገና ሰፋው፤ ቀጥ አድርጎ። ተኮሰው፤ መልሶ ሰቀለው። ልጁ ስትመጣ አንገቱ ላይ ስትጠመጠም ታየው፤ ለብቻውም ፈገግ አለ።

መጣች። ቀሚሱን አወረደች፤ ገልብጣ የውስጡን ስፌት በጣቷ ዳሰሰች።

«ማነው የሰፋው?»

«እኔ ነኛ! አሁን ሰው ፊት ይቀርባል።»

አላለቀሰችም። መልሳ ሰቀለችው፤ «እሺ» አለች። ለአባቷ የተናገረችው የመጨረሻ ቃል ያ ሆነ።

ማክሰኞ ቁርስ ላይ ልጅቷ ወደ ታናሽ እህቷ ወደ ሚጢጢ ዞረች። ሚጢጢ አምስት ዓመቷ ነው፤ አፏ በዳቦ ተሞልቷል።

«ጨው አቀብለኝ በይው።»

«አባዬ፣ ጨው አቀብለኝ ትላለች።»

መርፌው ጨዉን አቀበለ። እጁ አመድ አፋሽ የሆነበት መሰለውና ሆድ ባሰው። እሱም በበኩሉ ትከሻውን ሰጣት። ያልፍላታል ብሎ ጠበቀ። ረቡዕም አላለፈላትም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዳቦ ጋጋሪው ሱሪውን ሊለካ መጣ። መስታወቱ ፊት ቆሞ ወገቡን ያጠብቃል፤ መርፌው ከኋላው በርከክ ብሎ እግሩን በጠመኔ ያሰምራል። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ገብታ ለእንግዳው ሰላምታ ሰጠችና ጥጉ ላይ ተቀመጠች። ዳቦ ጋጋሪው በመስታወቱ ውስጥ አባትና ልጅን ተራ በተራ አያቸው፤ ከዚያ ሆዱ እስኪነቃነቅ ሳቀ።

«ኧረ ጋሼ! ማን ከማን ነው የቀዳው?»

መርፌው ቀና ብሎ መስታወቱን አየ። ልጅቷ ግራ ትከሻዋን ሰጥታዋለች። ከዩኒፎርሟ ጠርዝ ክር መዝዛ ሌባ ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች። የጣቷ ጫፍ ደም አጥቶ ነጥቷል። እሱ የራሱን ጣት አየ። ጠመኔ በያዘው እጁ ላይ፣ መቼ እንደጠቀለለው ያላወቀው ክር አለ።

«አትነቃነቅ፣ እግሩ ይዛባል» አለው ዳቦ ጋጋሪውን። ሰውዬው ግን ፍንክች አላለም ነበር።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት በሩን ዘግቶ ቀሚሱን አወረደ። የገዛ ስፌቱን ተረተረ። እሷ የሰፋችባቸው ቀዳዳዎች ጨርቁ ላይ አሁንም ነበሩ፤ ደቃቅ ነጠብጣቦች፣ እየተጠማዘዙ የሚሄዱ። በነሱ ላይ ልመልሰው ብሎ መኪናውን ረገጠ። እጁ ቀጥ ብሎ ሄደ። ተረተረ። በእጅ መርፌ ሞከረ፤ ያም ቀጥ አለ። ሳታስብበት የሄደችውን መንገድ እሱ አስቦበት ሊሄደው አልቻለም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲተረትር ኮሌታው ሳሳና ተተለተለ። አሁን ቀሚሱ የሷም አይደለም፣ የሱም አይደለም።

ሚስቱ በጓሮ በር ገብታ ከኋላው ቆመች።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ልመልስላት ብዬ።»

ኮሌታውን አይታ ከንፈሯን መጠጠች።

«አናግሪልኝ» አላት። «አንቺን ትሰማለች።»

«እኔ? እኔማ የአንተን ኩርፊያ ስፈታ ፀጉሬ ሸበተ። የሷን ደግሞ አንተ ፍታ።»

«ይቺ ልጅ ከየት አመጣችው ግን?»

ሚስቱ ሳቀች፤ ሳቋ ብዙም ደስታ አልነበረበትም። «ከየት ታመጣዋለች? አንተኑ ወልጄልህ ነው!»

መርፌው ጣቱ ላይ የጠቀለለውን ክር ፈታ። «እንዴት ነበር የምትፈቺው?» አላት። በትዳራቸው እንዲህ ያለ ነገር ሲጠይቃት የመጀመሪያው ነው።

«እኔ እንጃ። ዝም ብዬ እመጣ ነበር። አንዳንዴ ያለ ጥፋቴ።» ዞር ልትል ብላ ቆመች። «እየመረረኝ።»

መርፌው ባዶ ክፍል ውስጥ ቀረ። ኩርፊያ መጀመሩን ያውቅበታል። መጨረሱን ግን በዕድሜው አንዴም አልሠራውም፤ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው የጨረሰለት። ሃያ ሁለተኛው ቀን እንዴት እንዳለቀ ሊያስታውስ ሞከረ። ትዝ ያለው የትንሽ ልጅ እግር ኮቴ ብቻ ነው፤ ከሳሎን ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት ሳሎን።

ዓርብ ጠዋት ልጅቷ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ባዶ እጇን ወጣች። ጓደኞቿ ሥራቸውን በፌስታል ይዘው በበሩ ሲያልፉ፣ እስኪርቁ ጠበቀች። መርፌው ቀሚሱን ይዞ ደፉ ላይ ቆሟል፤ ሚጢጢም ዳቦዋን እንደያዘች አጠገቡ ናት። አዳሩን ብዙ ቃል አዘጋጅቶ ነበር።

«አበላሸሁብሽ» አለ በመጨረሻ። ድምፁን ራሱም አላወቀውም። «መንካት አልነበረብኝም።»

ልጅቷ ቆመች። የተተለተለውን ኮሌታ አየችው። አገጯ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ሊያልፍላት ነው ብሎ ተስፋ አደረገ። ከዚያ ወደ ሚጢጢ ዞር አለች።

«ሰምቻለሁ በይው።»

ሄደች።

«አባዬ፣ ሰምቻለሁ ትላለች» አለች ሚጢጢ። መልስ ልትወስድ ቀና ብላ ቆመች፤ አንድ እግሯ ለሩጫ ተነስቷል፣ ዓይኗ ይስቃል። ጨዋታ ሆኖላታል። «ምን ልበላት?»

መርፌው አጠገቧ በርከክ አለ።

«ምንም አትበያት፣ የኔ እናት። ከእንግዲህ ለማንም ምንም አትበይ። ግቢ፣ ቁርስሽን ጨርሺ።»

«እና ማን ይነግራታል?»

ቀሚሱን በሚጢጢ ክንድ ላይ ጣል አድርጎ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ በነጠላ ጫማ መንገዱ ላይ ወጣ። ልጅቷ ርቃለች። ሊጠራት አፉን ከፈተ፤ ከስሟ ቀጥሎ ምን እንደሚል ጠፋውና መልሶ ዘጋው። እሷ ኮቴውን ሰምታለች፤ እርምጃዋ ትንሽ ቀዝቀዝ አለ እንጂ ዞር አላለችም። እሱም ቀዝቀዝ አለ። እንዲህ ሆነው፣ እሷ ከፊት፣ እሱ አሥር እርምጃ ከኋላ፣ በትምህርት ቤቱ መንገድ ሄዱ። ሊደርስባትም፣ ሊመለስም አልሆነለትም።