ገጹ ላይ ያሉ አባላት

ከእማማ ወለተጊዮርጊስ ስም አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ በርቶ አይቶ የማይደነግጥ ሰው ከዚያ ቤተሰብ አይደለም። አሮጊቷ ስልክ የሚያናግሩት እንኳ ሰው ጆሯቸው ላይ ሲለጥፍላቸው ነው። ዕፀገነት መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችና መልሳ አደረገችው። ነጥቡ እዚያው ነው። ከአክስቷ ሥር ወንድሟ ያሬድ፣ ከያሬድ ሥር እህቷ ራሔል፣ ከራሔል ሥር ደግሞ የራሔል ልጅ ትንሣኤ፤ የአያቷ የአቶ ሙሉጌታ ዘሮች በያሉበት እንዲገናኙ ብሎ ድረ ገጹን የሠራው እሱ ነው። ከስሞቹ በላይ «አሁን ገጹ ላይ ያሉ አባላት» ይላል። በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዘር ማንዘሩ ተሰብስቧል፤ ለሁሉም ክፍት በሆነው የወሬ ክፍል ግን አንድ ቃል የጻፈ የለም።

የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተማሪዎቹ ራሳቸውን ደፍተው ያነባሉ። እሷ ከጠረጴዛዋ ሥር ስልኳን ይዛ «እንዴት ዋላችሁ?» ብላ ጻፈች። መልእክቱ እንደተላከ ነጥቦቹ ተራ በተራ ጠፉ፤ ወጥ ሲሰርቁ እንደተያዙ ልጆች። ወጥታ ትንሽ ቆይታ ብትመለስ ሁሉም እንደገና በርተዋል። ገጹ ማን እንዳለ እንጂ የትኛው ጓዳ ገብቶ ምን እንደሚያወራ አይናገርም።

ለእሷ ግን ነጋሪ አላስፈለጋትም። ነገሩ የቤቱ ነው። ባህል አዳራሽ ሰፈር ያለው የአባታቸው ግቢ ሰፊ ነው፤ አባቷን እስከ መጨረሻዋ ትንፋሻቸው ያስታመመችው፣ የመጡላትን ባሎች አንድ በአንድ የመለሰችው እዚያ ቤት ውስጥ ነው። ከእሱ ሌላ መግቢያ የላትም። ለፋሲካ ተሰብስበው ሲበሉ ያሬድ እየሳቀ «ይሄ ሁሉ ግቢ ለአንድ ሰው አይበዛም?» ብሎ ነበር። በዓሉ እንዳለፈም አንድ ደላላ አጥሩን በዓይኑ ሲለካ አይታዋለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ዕፀገነት ደግሞ ለመመንጠር የተዘጋጀች ሴት አልነበረችም።

የታናሽ ወንድሟ የሰለሞን ነጥብ አልበራም። ይህን ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ። የመጨረሻው ልጅ፣ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ሶልዬ፣ በጅቡቲ መንገድ የጭነት መኪና ያሽከረክራል። እነዚህ ሲዶልቱ እሱ የለበትም። ደወለችለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። የአፋር በረሃ እሱን ሲውጥ ደግሞ አዲስ አይደለም። «ሶልዬ፣ ሁሉም ከድተውኛል። የቀረኸኝ አንተ ብቻ ነህ። ከተማ ስትገባ ደውልልኝ» ብላ ጻፈችለት፤ ልቧም ቀለል አላት።

አዲስ አበባ ራሔል ዘንድ ስትደውል እህቷ በተዘጋ ድምፅ አነሳች።

«ምን ሆነሻል?»

«ጉንፋን ይዞኝ ነው፣ እታለም።»

ከኋላዋ ሰዎች ይንሾካሾካሉ፣ የመኪና በር ይዘጋል። እታለም! ራሔል አንድ ነገር ካልፈለገች በቀር እንዲህ ብላት አታውቅም። ዕፀገነት ቻው እንኳ ሳትል ዘጋችው።

ከሥራ ስትወጣ ባጃጅ ይዛ መሃል ከተማ ወደሚገኘው የያሬድ ሱቅ ሄደች። በሩ ተዘግቷል። ያሬድ ከማታውቃቸው ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ ሲያዩዋት ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ።

«ከእኔ የምትደብቁት ምንድን ነው?»

«ምንም» አለ ያሬድ፣ ዓይኑን ከአስፋልቱ ሳያነሳ። «እትዬ፣ ዛሬ ቤት ነሽ አይደል? የትም አትሄጂም?»

«ምን አገባህ?»

«እንዲያው ነው። ነገ በጠዋት ብቅ እላለሁ።»

«ከማን ጋር?»

ፊቱን አዞረባት። ከገዢው ጋር ነዋ! እንዲህ ያለ የእናት ልጅ! ሌላ አልጠየቀችውም፤ በመንገዷ ወፍራም ጓጉንቸር ገዝታ ወደ ቤቷ ገባችና የግቢውን በር ከውስጥ ቆለፈችው።

ሲመሻሽ ጎረቤቷ ወርቄ ምግብ ይዛ መጣች። ፍርፍሩን ራሷ አቀረበች፣ ራሷ አጎረሰች። «ጨምሪ እንጂ፣ በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» ዕፀገነት እየዋጠች በሆዷ አሰበች፤ ወርቄም ተገዝታለች ማለት ነው፣ ምን እንደማደርግ ልትሰልል ነው የላኳት። ሴትዮዋ ስትሰናበት አቅፋት ከወትሮው አብዝታ ቆየች። ዕፀገነት እጆቿን ወደ ታች እንደጣለች ቆማ ጠበቀቻት።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ።

እንቅልፍ አልወሰዳትም ነበርና ጋቢዋን ደርባ፣ የጓጉንቸሩን ቁልፍ በጡጫዋ ጨብጣ ወጣች። ሌሊቱን ስታጠናው ያደረችው ንግግር ምላሷ ላይ ነው። በበሩ ክፍተት አሾልካ አየች። ያሬድ አለ። ከአዲስ አበባ ሌሊቱን የተጓዘችው ራሔል አለች። እማማ ወለተጊዮርጊስን ትንሣኤ ደግፏቸዋል። ደላላውን በዓይኗ ፈለገች፤ አጣችው። ከእነሱ ኋላ ወርቄና ጎረቤቱ፣ የእድሩ ሽማግሌዎች፣ መስቀላቸውን የያዙት የንስሐ አባቷ ቆመዋል። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። እንዴት አደርሽ የሚል የለም።

አፏ ግን ከልቧ ቀደመ።

«ሰለሞን በሌለበት ይህን በር ማንም አያስከፍተኝም!»

ራሔል አፏን በነጠላዋ ለማፈን ስትታገል ድምፁ አመለጣት። ያሬድ ወደ በሩ ተጠግቶ ግንባሩን ቆርቆሮው ላይ አስደገፈ።

«እትዬ» አለ፣ «እባክሽ ክፈችልን።»

ዕፀገነት እንደገና በክፍተቱ አየች። አሁን ያሉትን ሳይሆን የሌለውን ነበር የምታየው። ትናንት ቀኑን ሙሉ ተደብቀው የተንሾካሾኩት፣ ወርቄ እየለመነች ያጎረሰቻት፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣባት። የበሩን እጀታ ያዘች። ቁልፉን ከጓጉንቸሩ አራቀችው፤ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

ቄሱ በዝግታ በስመ አብ ማለት ጀመሩ።

«ቆዩ፣ አባ» አለች ዕፀገነት። ድምፁ የእሷ አይመስልም ነበር፤ የሚለምን ልጅ ድምፅ ነው። ፀሐይ ከአጥሩ በላይ ወጥታ ፊቷን እየመታችው ነበር። «ትንሽ ቆዩልኝ። ገና አልነጋም።»