አንቺ ደስ ካለሽ

ኖላዊ ፍሪጅ ለመክፈት ያስፈቅዳል። ከዓመት በላይ ቤቴ እየመጣ፣ ቀለበት አጥልቆልኝ፣ ሠርጋችን ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጦ፣ አሁንም አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው አፓርታማዬ ውስጥ ፍሪጁ ፊት ይቆምና «ሀሴት፣ ውኃ ልውሰድ?» ይላል። ውሰድ እለዋለሁ። ጠጥቶ ብርጭቆውን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ከነበረበት ይመልሰዋል። ጫማውን ሲያወልቅ ደግሞ ሁለቱን አጣብቆ ከግድግዳው ጥግ ያስጠጋቸዋል፤ ቦታ እንዳይፈጁብኝ።

እናቴ ይህን ስታይ እንባዋ ይመጣል።

«አቤት አስተዳደግ! አንገት ደፊ ልጅ ሰጠሽ።»

«አንገት ደፊ አገር አጥፊ» እላታለሁ።

«ደግሞ ምን ጎደለብሽ? እሺ ይበልጣል ከሺህ ሲባል አልሰማሽም?»

ሺህ ጊዜ እሺ የተባለች ሴት ምን ትሁን? ጨዋ ባል አገኘሁ ብላ የምታማርርን ሴት ማንም አይሰማትም። የፈራሁትን ግን አውቀዋለሁ። ከሠርጉ በኋላ ይህ ቤት የሁለታችን ይሆናል። እኔ የምፈልገው ባል ነው። ሻንጣውን ይዞ የሚመጣው ግን ተከራይ እንዳይሆን ፈራሁ።

በዚህ ላይ የስጦታው ዝርዝር ጉዳይ መጣ። እዚህ አገር ሙሽሮች የሚፈልጉትን የቤት ዕቃ ሱቅ ሄደው ያስመዘግባሉ፤ የተጠራው ሰው ከተመዘገበው መርጦ ይገዛል። ሬጂስትሪ ይሉታል። እናቴ ስትሰማ ክው አለች።

«ስጦታ በትእዛዝ? ለማኝ እንኳ ዳቦው ይቅርብኝ ኬኩን ስጡኝ አይልም እኮ!»

«እማዬ፣ ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚያደርገው።»

«እሺ፣ ምን ዓይነት ዕቃ ነው?»

«በእጅ የተሠራ። ቦሆ ነው የሚባለው።»

«ቡሄ?»

«ቦሆ!»

«ጅራፍና ሙልሙል ነው የምታስመዘግቢው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዘመድ ሁሉ እየደወለች «ልጄ የቡሄ ዕቃ ካልሆነ አልቀበልም ብላለች» ትላለች። ታኮማ ፓርክ ያሉት አክስቴ እትዬ የምስራች «ሙልሙሉን እኔ እጋግርላታለሁ በያት» ብለው መለሱ። ይሳቁ። እኔ ያደግሁት ፕላስቲኩ ያልተነሳለት ሶፋ ላይ ነው። በበጋ ጭኔ እየተጣበቀ፣ ስነሳ ድምፅ እያሰማ። ብፌያችን ውስጥ ወርቅ ጠርዝ ያለው የሻይ ስኒ ነበር፤ አንድም ቀን ሻይ ገብቶበት አያውቅም። ስለዚህ የራሴ ቤት ሲኖረኝ የሚነካ፣ የሚቀመጡበት፣ የሰው እጅ የዞረበት ዕቃ ይኖረዋል ብዬ ከወሰንኩ ቆየሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔም አልለቅም።

ቅዳሜ ዕቃ ልናስመዘግብ ወንዙን ተሻግረን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ሄድን። ድልድዩ ላይ መኪናው ቆሞ ቆሞ ሲሄድ፣ ምን ዓይነት ቤት ቢኖረን ደስ እንደሚለው ጠየቅሁት።

«አንቺ ደስ ካለሽ እኔ ኦኬ ነኝ» አለ።

«አንተን ነው የጠየቅሁህ።»

«ቤትሽን አንቺ ታውቂዋለሽ።»

«ቤታችንን!»

«እሺ፣ ቤታችንን።»

ሥራው ኤርኮንዲሽን መጠገን ነው። ቀኑን ሙሉ ከሰው ቤት ሰው ቤት ይዞራል፤ ምንጣፍ እንዳያቆሽሽ ቦቲው ላይ ሰማያዊ ላስቲክ አጥልቆ። አንዳንዴ እኔ ቤትም ያንን ላስቲክ ሳያወልቅ የገባ ይመስለኛል። አሌክሳንድሪያ ያደገበት ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከአገር ቤት መጥቶ አጎቱ ቤት ነው የኖረው። እንዴት ነበር ስለው «ደግ ናቸው» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አይወጣውም። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው ኖላዊን አይቶ መሆን አለበት።

ሱቁ በቀይ ጡብ የተነጠፈ የድሮ መንገድ ላይ ነው። ሽበቷን ጎንጉና፣ ጣቶቿን ሁሉ በብር ቀለበት የሞላች ፈረንጅ ተቀበለችን። «እዚህ ያለው ዕቃ ሁሉ ታሪክ አለው!» አለችና ባርኮድ የሚያነበውን መሣሪያ ሰጠችኝ። እውነቷን ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ላይ ካርድ ተንጠልጥሏል። ይህን ቅርጫት የሰፋችው እንዲህ የምትባል ሴት ናት፣ ሁለት ልጆች አሏት፣ ስፌት ያስተማረቻት አክስቷ ናት። ይህን ምንጣፍ የሸመነው ሽማግሌ ዓይኑ ደክሟል፣ ቀለሙን የሚመርጥለት ልጁ ነው። የቅርጫቱን ዘመድ አዝማድ ሁሉ አወቅሁ። አጠገቤ የቆመው እጮኛዬ ግን ካርድ አልተንጠለጠለበትም።

«አረንጓዴውን ስኒ ነው ቡናማውን?» አልኩት።

«ሁለቱም ያምራሉ። አንቺ ደስ ያለሽን።»

«መጋረጃው ከጥልፉ ጋር ይሁን ያለ ጥልፉ?»

«አንቺ ደስ ካለሽ።»

«ይሄ ከገመድ የተቋጠረው ግድግዳ ላይ ቢሰቀል?»

«አንቺ ደስ ካለሽ ሹር።»

ጥርሴን ነክሼ ስካን አደረግሁ። ፈረንጇ ከኋላችን እየተከተለች ፈገግ ትላለች። ጠጋ ብላ «ምን ዓይነት ዕድለኛ ነሽ!» አለችኝ። «እኔና የመጀመሪያው ባሌ የተፋታነው በመጋረጃ ተጣልተን ነው።» ልታስቀኝ ብላ ነበር። እኔ ግን ቀናሁባት። ባሏ ስለ መጋረጃ አስተያየት ነበረው!

ያኔ የበሬውን ራስ ቅል አየሁት። ከነቀንዱ ነው፤ ግንባሩ ላይ አበባ ተቀርጾበታል፣ በዓይኑ ጉድጓድ ዙሪያ ዶቃ ተደርድሯል። እናቴ ብታየው ጠበል ይዛ ነው የምትመጣው። ልፈትነው ብዬ ኖላዊን ክንዱን ይዤ አመጣሁት።

«ይሄን ከአልጋችን በላይ እንሰቅለዋለን» አልኩት። «ልክ ከራስጌያችን።»

ቅሉን አየው። ቅሉም አየው።

«ከአልጋችን በላይ?»

«አዎ። ጠዋት ዓይናችንን ስንገልጥ መጀመሪያ እሱን እናየዋለን።»

ትንሽ አሰበ። ተስፋ አደረግሁ። ምን ሆነሻል፣ ጠንቋይ ቤት ነው እንዴ፣ አብደሻል በለኝ ብዬ በልቤ ለመንኩት።

«አንቺ ደስ ካለሽ» አለ።

እልህ ያዘኝ። ራስ ቅሉን ስካን አደረግሁት። መሣሪያው ጢጥ አለ፤ በዚያች ድምፅ የበሬ ሬሳ ከሠርግ ስጦታዬ ዝርዝር ገባ። ከዚያ ዞር ብዬ ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እስኪያየን ጮህኩበት።

«አንድ ነገር! ከዚህ ሁሉ ዕቃ አንድ ነገር አልወድም በለኝ! ከማን ጋር ነው የምጋባው? ከግድግዳ ጋር?»

«ሀሴት፣ ሰው እያየን ነው።»

«ይየን! እኔ ብሞት ይሄን በሬ አውርደህ ለመቅበር እንኳ ፈቃድ ልትጠይቅ ነው?»

«አንቺን ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው።»

«ደስ አላለኝም! አንድ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም!»

ይህ እንኳ ውሸት ነበር፤ ግን ከአፌ ወጣ። ፈረንጇ ቀስ ብላ ወደ ስኒዎቹ ሄደች።

እኔም መስኮቱ ሥር ወደተደረደሩት ትልልቅ ትራሶች ሄድኩ። የመጣሁትስ ለእነሱ ነው። ቀይና ሰናፍጭ መልክ፣ በእጅ የተሸመኑ፣ መሬት ላይ የሚቀመጡባቸው። ኖላዊን ሳላውቀው በፊት ፎቷቸውን ስልኬ ላይ አስቀምጫለሁ። ሶፋ የሚባል ነገር አይኖርም፤ አጭር ጠረጴዛ፣ ዙሪያውን ትራስ፣ ሰው ጫማውን አውልቆ እንደ ልቡ ተጋድሞ የሚጫወትበት ሳሎን። ይህን ስንት ጊዜ በሐሳቤ አንጥፌዋለሁ። አንዱ ትራስ ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ና ተቀመጥ» አልኩት። እንደ መታረቅም ቃጥቶኛል።

አልመጣም።

«ና እንጂ። እንዴት እንደሚመች እየው።»

«ይቅርብኝ፣ ደህና ነኝ።»

«ኖላዊ፣ ቁጭ በል!»

«አልቀመጥም» አለ።

እንዲህ ሲል ሰምቼው ስለማላውቅ ቀና ብዬ አየሁት። እጁን ኪሱ ከቷል። እኔን ሳይሆን ትራሱን ነው የሚያየው።

«ለምን?»

«እትዬ ወለተሥላሴ ቤት» ብሎ ጀመረ። የአጎቱ ሚስት ናቸው፤ ለሠርጉ መጀመሪያ የጠራናቸው። «መኝታ ክፍሎቹ በልጆቹ ተይዘው ነበር። እኔ ሳሎን ነው የምተኛው። የሶፋውን ትራሶች አውርጄ መሬት ላይ እደረድራቸዋለሁ፤ ጠዋት መልሼ ቦታቸው አደርጋለሁ። እንግዳ ከመጣ ግን ሶፋው ላይ እነሱ ናቸው። እስኪሄዱ ጥግ ላይ መሬት ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። እንግዳ ደግሞ አይጠፋም ነበር። ሃይስኩል እስክጨርስ እንደዚያ ነበር።»

«አልነገርከኝም እኮ።»

«ምኑን ልንገርሽ? ደግ ናቸው። አብልተውኛል፣ አስተምረውኛል። ቦታ አልነበረም፣ በቃ። ሰው ቤት ስትኖሪ ምን ትወጃለሽ አትባዪም፤ እንዳትከብጃቸው ነው የምታስቢው።» ድምፁ ከፍ አለ። «ግን በገዛ ቤቴ መሬት ላይ አልቀመጥም። ይሄን ነገር አልወደውም። ሶፋ ነው የምፈልገው።»

ቤቴ አለ። ቤትሽ አላለም፣ ሳርመው ጊዜ የሚላትን ቤታችንንም አላለም። ቤቴ። ደስ አለኝ፤ እንደዚያ ያለ ደስታ ቀለበቱን ያጠለቀልኝ ቀን እንኳ አልተሰማኝም። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ እንግዳ እስኪሄድ የሚጠብቀውን ልጅ ሳስበው ደግሞ እዚያ ሳሎን ገብቼ እጁን ይዤ ላስነሳው አሰኘኝ። ነገር ግን ልዋሽ አልፈልግም፤ ተናደድኩም። በሬ ራስጌዬ ሲሰቀል እሺ ያለ ሰው፣ ከሱቅ ሙሉ ዕቃ መርጦ መርጦ ዓመታት የተመኘሁትን ትራስ ይጥላል?

«ምን ዓይነት ሶፋ?» አልኩት፣ ከትራሱ ሳልነሳ።

«ትልቅ። እግሬን ዘርግቼ የምተኛበት።»

«ፕላስቲክ ያለው ሶፋ ቤቴ አይገባም!»

«ፕላስቲኩን እኔ ራሴ እቀደዋለሁ» አለና እጁን ዘረጋልኝ። ይዤው ተነሳሁ።

ትራሶቹን ትቼ በሩ ላይ ስደርስ «ቆዪ» አለኝ። መሣሪያውን ከእጄ ወስዶ ወደ ኋላ ተመለሰ። መጀመሪያ ራስ ቅሉን ሰረዘ። «እዚህ በሬ ሥር ማን ይተኛል፣ አብደሻል እንዴ?» አለኝ። የለመንኩትን ነው የሰጠኝ፤ ግን ከረፈደ ደስ አይልም። ከዚያ የገመዱን ማንጠልጠያ ከዝርዝሩ አወጣ፤ አቧራ ይይዛል፣ አቧራ ሲጠርግ የሚውል ሰው ቤቱ ደግሞ አቧራ አይሰቅልም አለ። ጥልፍ ያለውን መጋረጃ አወጣ። አረንጓዴውን ስኒ በቡናማው ለወጠ።

«አረንጓዴውን እኮ እወደዋለሁ!»

«እኔ አልወደውም። ቀድሞም አልወደድኩትም።»

«ታዲያ ያኔ ስጠይቅህ?»

«ያኔ አልጠየቅሽኝማ። መሣሪያውን አረንጓዴው ላይ ደግነሽ ነው ያሳየሽኝ።»

ፈረንጇ ፈገግታዋ ጠፍቶ «በመጋረጃ ነው የሚጀምረው» አለችኝ በጆሮዬ።

ድልድዩን ስንሻገር ስለ ስኒው ተጨቃጨቅን። ሜሪላንድ ስንገባ ስለ ሶፋው ቀለም ተጣላን። ሲልቨር ስፕሪንግ ስንደርስ ተኮራርፈን ነበር። እናቴ ደውላ «የቡሄው ዕቃ እንዴት ሆነ?» ስትለኝ «አንገት ደፊሽን ጠይቂው» ብዬ ዘጋሁት።

በሩን ስከፍት ቀድሞኝ ገባ። ጫማውን እየሄደ አወለቀው፤ አንዱ መሐል መንገድ ላይ በጎኑ ተጋድሞ ቀረና ሊጥለኝ ነበር። ልናገረው ቀና ስል ፍሪጁ ተከፍቷል። አላስፈቀደም። ራሱን አስገብቶ ዕቃ ያተራምሳል።

«ሀሴት» አለ ከውስጥ፣ «ይሄ ፍሪጅ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው እንዴ የሚዝረከረከው? ውኃው የታለ?»

ከዓመት በላይ ውኃውን እዚያው ከነበረበት ሲወስድ የኖረ ሰው! የምመልስለት አፌ ላይ ነበር፤ ረዥምና መራራ ነበር። ግን መሐል መንገድ ላይ የቀረውን ጫማ አየሁና መልሴን ዋጥኩት።

«ካልተመቸህ አስተካክለው» ብቻ አልኩት።

«አስተካክለዋለሁ» አለና የቅቤውን ዕቃ ከላይ አንስቶ ታች አስቀመጠው።