የውሃ ቆላፊው የመጨረሻ ክፍል

«ሁሉም አለ» አላት ቴሌቪዥኑን ከኢንተርኔት ሊያገናኝ የመጣው ባለሙያ። «የድሮ የልጆች ፊልም አንድም አልቀረም፣ ሲት ዊዳድ። ስሙን ብቻ ይናገሩ፣ ይመጣል።»

ዊዳድ ጉሮሮዋን ጠርጋ «የጨው ደሴት» አለች። ቴሌቪዥኑ ጨው የበዛበት ምግብ ለደም ግፊት እንደማይበጅ የሚመክር ሐኪም አመጣላት። ደግማ ጠራችው። የአንድ ደሴት ሆቴል ማስታወቂያ መጣ። ሰውየው ሊስቅ ብሎ ፊቷን ሲያይ ሳቁን ዋጠው፤ ሽቦውንም ሰብስቦ ሄደ።

የሌለ ፊልም የለም። በእሷ ዕድሜ የነበሩት ሁሉ እዚያ ተደርድረው ቀርበዋል፤ «የሚያስነጥሰው ግመል» የሚባለው ሳይቀር! ማንም የማያስታውሰው፣ ማንም ያላለቀሰለት ግመል። «የጨው ደሴት» ግን የለም። በሰማንያዎቹ መጀመሪያ ከባግዳድ እስከ ካዛብላንካ ልጆችን ከመንገድ ወደ ቤት ያስሮጠው ተከታታይ የካርቱን ፊልም የለም። ሥዕሉ የጃፓኖች ነው፣ ድምፁ ግን እዚሁ አማን ከተማ፣ ሉወይብዴ ኮረብታ ላይ፣ ከዳቦ ቤት በላይ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የተወለደው። ጀግናውን ልጅ ዘይድን የተናገረችው ዊዳድ ናት። ሽማግሌውን ጀውሐርን የተናገረው ደግሞ ባሏ ሙኒር፣ የስቱዲዮው ኃላፊ ነው።

ሙኒር ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። ልጅ አልወለዱም። ስልክ ይጠላ ነበር፣ ካሜራ ሲያይ ይሸሻል፤ የሠርጋቸው ካሴት እንኳ ከዘፋኙ በቀር የማንንም ድምፅ አልያዘም። በዚህች ምድር ላይ የሙኒር ድምፅ ያለው «የጨው ደሴት» ውስጥ ብቻ ነው። ዊዳድ ደግሞ ያንን ድምፅ ትፈልገዋለች። ለማልቀስ ብቻ አይደለም። እሱ ከሄደ ወዲህ ቤቷ ውስጥ የሚጮኹበት ሰው ጠፍቷል፤ አርባ ዓመት ተጨቃጭቆ የኖረ አንደበት በድንገት ዝም ሲል ያማል።

ለኩባንያው ደወለች። ከወዲያ ድምፅዋ ማር የመሰለ ልጅ አነሳች።

«ፊልሙማ እጃችን ላይ አለ፣ ኻልቶ፣ አክስቴ። የቸገረን ፊርማ ነው። ከድምፅ ሰጪዎቹ አንዱ ‹አልፈርምም› አሉን።»

«ታዲያ የእሱን ድምፅ ቆርጣችሁ ጣሉት!»

«አይቆረጥም። ሁላችሁም በአንድ ማይክሮፎን ነው የቀዳችሁት። የእሳቸውን ስናወጣ የእናንተም አብሮ ይወጣል።»

እውነት ነው። ስቱዲዮው የነበረው ማይክሮፎን አንድ ብቻ ነበር። እንደ ጉድጓድ ውሃ ቀጂዎች ከበውት፣ እየተጋፉ፣ አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ አንገቱን እያሰገገ ነው የተናገሩት። ድምፁ የሚያስገመግመው ሰውዬ ከበሩ አጠገብ ይቆም ነበር፤ ጠጋ ካለ የድምፅ መለኪያው መርፌ ይዘላልና። ልጅቷ ስሙን ሳትነግራት ዊዳድ ማን እንደሆነ አወቀች።

«ናይፍ!» አለች ስልኩን ከዘጋች በኋላ። «አንተ የተረገምክ ናይፍ!»

ናይፍ የክፉው የሻሂን ድምፅ ነበር። ሻሂን የደሴቷን አንዲት ምንጭ ቆልፎ ለሕዝቡ ውሃ በኩባያ የሚሰፍር ጨካኝ ነው። እንዲህ ያለው ክፋት ለአማን ሰው ተረት አይደለም። እዚህ ውሃ በቧንቧ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው፤ ጣሪያ ላይ ያለውን ጋን ሞልቶ ይሄዳል፣ ከቀረ ሰፈሩ ሁሉ እርስ በርስ ይነካከሳል። ስለዚህ ናይፍ በሚኖርበት በአሽረፊዬ ሰፈር «ውሃ ቆላፊው» ሆኖ ቀረ። ሙኒር ይህንን በየግብዣው እያወራ እንግዶቹን በሳቅ ይገድላቸው ነበር። ዊዳድም ትስቅ ነበር። ፊልሙ በጀውሐር ሞት አለቀ፤ በየአገሩ ልጆች አለቀሱ። ናይፍ ከዚያ በኋላ ስቱዲዮውን ረግጦ አያውቅም። ሙኒር ሲሞትም ለቅሶ አልደረሰም። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ዊዳድ ይህችን አትረሳትም።

ብቻዋን ብትሄድ በር ላይ እንደሚመልሳት ስለገባት ጃሃ የሚሉትን የሽማግሌዎች ልመና ልትልክበት ቆረጠች። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ቤቱ ሲገቡ ሰውየው የፈለገውን ያህል ቢከፋም ሊያባርራቸው አይችልም። ቡና ያቀርብላቸዋል፤ የመጡበትን ጉዳይ «እሺ» እስኪል ድረስ ቡናው አይጠጣም። ለዚህ የሚሆን ሰው ደግሞ ቤተሰቧ ውስጥ አለ፦ የሙኒር ታላቅ ወንድም ሐጅ ሹክሪ። ሐጅ ሹክሪ ጃሃ መምራት ከመብላት ይበልጥበታል።

«ለካርቱን?» አለ ፂሙን እየጎተተ። «እኔ ሹክሪ ደም ያደረቅሁ፣ ሙሽራ ያስፈቀድሁ ሰውዬ፣ ለካርቱን?»

«ለወንድምዎ ድምፅ ነው፣ ሐጅ።»

ፂሙን ለቀቀ። ቀጥሎ ግን «አንቺ አትሄጂም። ሴት ጃሃ አትሄድም» አላት።

«እኔ እንደ ሴት አልሄድም፤ እንደ ዘይድ ነው የምሄደው። ዘይድ ደግሞ ወንድ ነው፣ አርባ አገር ይመሰክርልኛል።»

«ትንፍሽ አትዪም ታዲያ።»

«ትንፍሽ አልልም» አለች። ይህን ያለው አፏ ብቻ ነው።

የስቱዲዮውን የድሮ የድምፅ ባለሙያ፣ ሐና የሚባለውን ሰውዬ፣ ሁሉም በልጁ ስም አቡ ኢሊያስ የሚለውን፣ ይዘው፣ ለቁጥር ማሟያም ሁለት የሰፈር ሽማግሌ ጨምረው የአሽረፊዬን ደረጃ እያለከለኩ ወጡ። ናይፍ በሩን ራሱ ከፈተ። ሸብቷል፣ ጎብጧል፣ ድምፁ ግን አላረጀም። «አህለን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ» ሲል አንደኛው ሽማግሌ ደንገጥ ብሎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ዊዳድንም ከእነሱ ጋር አስገባት።

ተቀመጡ። ናይፍ ቡናውን ቀድቶ አንዷን ሲኒ ሐጅ ሹክሪ ፊት አኖረ። ሐጅ ሹክሪ እንደ ልማዱ አላህን አመስግኖ፣ የባለቤቱን ዘር አወድሶ፣ ስለ ጉርብትና፣ ስለ ጨውና እንጀራ ተናግሮ፣ «አቡ ማዚን፣ ከእርስዎ የምንፈልገው አንዲት ፊርማ ናት። ቡናዎን የምንጠጣው እሷን ሲሰጡን ነው» ብሎ ጨረሰ።

ናይፍ ሲኒዋን አየት አደረገና «ሐጅ፣ ቤቴን አክብራችኋል፣ ከራሴ በላይ ናችሁ። ቡናው ግን ይቀዝቅዝ» አለ።

ሐጅ ሹክሪ ፂሙን ያዘ። በዕድሜው እንዲህ ያለ መልስ ሰምቶ አያውቅም። የዊዳድ ትዕግሥት ያለቀው እዚህ ላይ ነው።

«ምን ትጠብቁ ነበር? ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ፊርማ ይሰጣል? ሙኒር እንጀራ ያበላህ ሰው አይደለም? ቀብሩ ላይ አንዲት እፍኝ አፈር ነፈግኸው፤ አሁን ደግሞ ድምፁን ልትቀብር!»

«ዊዳድ!» አለ ሐጅ ሹክሪ።

«ይተዋት፣ ሐጅ፤ ትናገር» አለ ናይፍ። «እሷ ስትጨርስ እኔም አለኝ። ልጄ ማዚን ከትምህርት ቤት ጥርሱ ወልቆ መጣ፤ ‹የውሃ ቆላፊው ልጅ› ብለው ደብድበውት። ውሃ በቀረ ቁጥር የሰፈሩ ሴቶች ደጄ ላይ ባዶ ጀሪካን ይደረድሩ ነበር። ለቀልድ ነው አሉ! አርባ ዓመት የሚቀለድ ቀልድ ምን ዓይነት ነው? ሚስቴ ስትሞት መቃብር ቆፋሪው ‹የሻሂን ሚስት ናት?› አለኝ። ስሟን አልጠየቀኝም።»

«ፊልም ነው! ሁላችንም የተሰጠንን ተናገርን።»

«አንቺ ጀግናውን ተናገርሽ። ባልሽ፣ ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ቅዱሱን ተናገረ። እኔ ክፉውን ስቀበል ለምን እሺ ያልኩ ይመስልሻል? እንደተነገረኝ መጨረሻው ላይ ሻሂን ይጸጸታል። ምንጩን በገዛ እጁ ይከፍታል። ይቅርታ ይጠይቃል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያችን ክፍል ነበር የምጠብቀው።»

«የመጨረሻው ክፍል የጀውሐር ሞት ነው። ማን የማያውቅ አለ?»

«ከእሱ በኋላ አንድ አለ።»

«እሱማ አልመጣም! ጃፓኖቹ አልላኩትም። ሙኒር በአፉ ነው የነገረኝ።»

ናይፍ ዞር ብሎ ሐናን ተመለከተው። ሐና ጫማውን ያያል።

«አቡ ኢሊያስ» አለ ናይፍ፣ «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። በመስቀልህ፣ አንተ ተናገር።»

ሐና ቀና ሳይል «መጥቷል» አለ። «በእጄ ነው መሣሪያው ላይ የጫንኩት። ሙኒርና እኔ ብቻችንን አየነው። ሲያልቅ መብራቱን አብርቶ ‹ወደ ቆርቆሮ ሣጥኑ መልሰው› አለኝ።»

«ለምን?»

«ጀውሐር የለበትም፣ ዊዳድ። ሞቷል'ኮ። ክፍሉን ሙሉ የሚናገረው ሻሂን ነው። ሙኒር አንድ ቃል የለውም። ‹ልጆቹ በጀውሐር ያልቅሱ፤ እዚያ ላይ ይብቃ› አለ።»

«አንተስ? አንተ ምላስ አልነበረህም?»

«አለቃዬ ነበር። ኋላ ደግሞ… ኋላ ደግሞ ሞተ።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ዊዳድ በየግብዣው ሙኒር ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ጀውሐር እንዴት እንደሞተ ሲያሳይ ታያት። ሰዎቹ ዓይናቸውን ሲጠርጉ፣ እሱም ዓይኑን የጨፈነ መስሎ በሽፋሽፍቱ ሥር ማን እንዳለቀሰ ሲቆጥር። እሷ ኩራት ይሰማት ነበር፤ «አንድ ጊዜ ድገመው» የምትለው እሷው ነበረች። ከዚያ ቀጥሎ የናይፍ ጀሪካኖች ወሬ ይመጣል፣ ከዚያ ሳቅ። ደሟ ፈላ። ለአንዲት የሞት ትዕይንት ብሎ! አንድን ሕያው ሰው ከነልጁ ከነሚስቱ ለሰፈር መሳለቂያ ጥሎ፣ ራሱ በጭብጨባ መካከል ሞተ። መጮህ ፈለገች፤ የምትጮህበት ሰው ግን መቃብር ውስጥ ተኝቷል። ስለዚህ ሐና ላይ ጮኸች፣ ሐጅ ሹክሪ ላይ ጮኸች፣ ምንም ያላደረጉትን ሁለት ሽማግሌዎችም አልማረቻቸውም። ናይፍ እስክትጨርስ ጠበቃት።

«አልፈርምም ያልኩት ለዚህ ነው» አለ ሲበርድላት። «ለዚያች ለኩባንያው ልጅም ነገርኳት። ‹ያለውን ነው የምናሳየው፣ ዐሞ› አለችኝ። እኔ ደግሞ ከመጣ ሙሉው ይምጣ አልኩ። ጎረቤቶቼ በልጅነታቸው አንጓጠጡኝ፤ አሁን ደግሞ ልጆቻቸው በአዲስ ቴሌቪዥን ይጀምሩኝ? ሰማንያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከመሞቴ በፊት ያችን ምንጭ ልክፈታት።»

ይህ ለሐጅ ሹክሪ አዲስ ነበር። በሕይወቱ ያስታረቀው ሁሉ ሥጋና ደም የለበሱ ሰዎችን ነበር።

«ያ ክፍል የት ነው?» አለች ዊዳድ።

«ጃፓኖቹ ጋ አለ» አለ ሐና። «ኩባንያው ጠይቆ ማምጣት ይችላል። ሙኒርም አያስፈልግም፤ አንቺና ናይፍ ካላችሁ ይበቃል። ማይክሮፎኑን እኔ አቆማለሁ።»

ናይፍ ከመቀመጫው ተነሳ። ሐጅ ሹክሪ ፊት ያለችውን ሲኒ አንስቶ በሁለት እጁ ይዟት ዊዳድ ፊት ቆመ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ የጃሃ ቡና ከመሪው ፊት ተነስቶ ለሴት ሲሄድ ያየ የለም።

«አቡ ኢሊያስ፣ ዘይድ እዚያ ላይ ምንድነው የሚለው?» አለ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል። «ጽሑፉን አንብበኸዋል።»

«ብዙ አይልም። ሻሂን ይቅርታውን ለምኖ ሲጨርስ ውሃ ቀድቶ ይዞ ይቆማል። ልጁ መጀመሪያ ዝም ይላል። ከዚያ ‹ውሃውን ስጠኝ› ነው የሚለው። ሌላ ቃል የለውም።»

ዊዳድ ናይፍን አየችው። ለቅሶ ባለመድረሱ የያዘችበት ቂም የሄደ መስሏት ፈለገችው፣ አልሄደም። ግን ለምን እንዳልመጣ አሁን ታውቃለች። እሷም በእሱ ቦታ ብትሆን አትሄድም ነበር፤ ብትሄድም ለመርገም ነበር የምትሄደው።

ጉሮሮዋን ጠረገች። የመጀመሪያው ድምፅ የአሮጊት ሆኖ ወጣ። ተናደደችና ደረቷን ቀና አድርጋ እንደገና ጀመረች።

«ውሃውን ስጠኝ» አለ ዘይድ።

ያው ልጅ ነው፤ ያው ጥርት ያለ፣ ትንሽ እልኸኛ ድምፅ፣ አንዲት ቀን እንኳ ያላረጀ። አንደኛው ሽማግሌ «ያ ረብ» ብሎ አፉን ያዘ። ቡናው የናይፍ ጣት ላይ ፈሰሰ። ሲኒዋን ሰጣት። በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። ቀዝቅዞ ነበር፤ እንደ ሬት ይመር ነበር።

«የመጣችሁበት ተሰጥቷችኋል» አለ ናይፍ፤ ቀስ ብሎ ተቀመጠና ፊቱን በጥምጣሙ ጫፍ ሸፈነ።

ደረጃውን ሲወርዱ ሐጅ ሹክሪ ደስታው አላስቀምጥ አለው። ከእንግዲህ በየጃሃው የሚያወራት ሌላ ታሪክ አግኝቷል።

«አላህ ይማረው፣ ሙኒር ዛሬ ደስ ብሎት ያድራል» አለ። «ድምፁ መጣልሽ፣ ዊዳድ! እፎይ ብለሽ አልቅሺ።»

ዊዳድ ደረጃው መሃል ላይ ቆመች። ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ ዓይኗ ግን ከሦስት ዓመት ወዲህ እንዲህ በርቶ አያውቅም።

«ይምጣ ብቻ» አለች። «አፉን ከፍቶ እንደ ጀውሐር መሞት ይጀምር እንጂ፣ የምነግረው አለኝ!»