ሦስተኛው ፕሮፎርማ

አኔግሬት ብሩንስ በከተማችን ማዘጋጃ ቤት ግዥ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ አንድም ቀን ደንብ ጥሳለች ተብላ አታውቅም። በየዓመቱ የካቲት ላይ ያለው የመጥረጊያ ግዥ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ እሷም እንደ ጥፋት አልቆጠረችውም።

ደንቡ አጭር ነው፤ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰብሰብ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፍ። የከተማዋን የመንገድ መጥረጊያ የሚሠሩት ደግሞ ወንዙ ዳር ባለው ወርክሾፕ ያሉ ሦስት ዓይነ ስውራን ናቸው። እንጨቱን ይበሳሉ፣ የዘንባባ ጭረቱን በሽቦ እየጎተቱ ይሰካሉ። አንዱ መጥረጊያ ሁለት ክረምት ይዘልቃል፤ ዋጋው ግን ወደድ ይላል። ከማዘጋጃ ቤቱ ሌላ ይህ ነው የሚባል ገዢ የላቸውም። ስለዚህ አኔግሬት በየዓመቱ ሁለት ነጋዴዎች ጋ ትደውልና "ለወጉ ያህል አንድ ወረቀት ላኩልኝ፣ ከወርክሾፑ ከፍ ይበል" ትላለች። ከፍ ይላል፤ ዓይነ ስውራኑ ያሸንፋሉ። የተጎዳው ካዝናው ብቻ ነው፤ ካዝና ደግሞ አያለቅስም።

ዘንድሮ ከሁለቱ ነጋዴዎች አንዱ፣ ሽማግሌው ቬሰል፣ ሞተ። ሱቁን የገዛው ሩዲገር የሚባል፣ ከአኔግሬት ጋር አጥር ብቻ የሚለያቸው ጎረቤቷ ነው። ብዙም ሳታስብ ደወለችለት።

"ሩዲ፣ የመጥረጊያ ፕሮፎርማ ላክልኝ እስቲ። ቬሰል ሁልጊዜ ይልክልኝ ነበር።"

"ስንት ልበል?"

"ለፋይሉ ነው ባክህ። ከወርክሾፑ በላይ ይሁን እንጂ የፈለግኸውን ጻፍ።"

"ገባኝ፣ ገባኝ" አለ ሩዲገር እየሳቀ።

በእርግጥም ገብቶት ነበር።

ፖስታ የሚከፈተው ሁለት ሰው ባለበት ነው። ከአኔግሬት ጋር የተቀመጠው ዲርክሰን የሚባል አዲስ ኦዲተር ነበር። የመጀመሪያው ፖስታ የወርክሾፑ፣ ሁለተኛው ከጎረቤት ከተማው ነጋዴ የመጣው፣ እንደ ልማዱ ከፍ ያለ ዋጋ። ሦስተኛውን ሲከፍቱ የሩዲገር ዋጋ የወርክሾፑን ግማሽ ነው። መጥረጊያው ፕላስቲክ ነው።

"ወይዘሮ ብሩንስ! ይሄን ሰውዬ እስከ ዛሬ የት ደብቀውት ነበር?" አለ ዲርክሰን፣ ደስ ብሎት እየፈረመ።

እሷም ፈረመች። ምን ትበል? ከፍ አድርገህ ጻፍ ብዬው ነበር ትበል?

ከሥራ እንደወጣች በቀጥታ ወደ አጥሩ ሄደች። ሩዲገር ቁጥቋጦውን ይከረክማል።

"ምን አድርጌህ ነው ጉድ የሠራኸኝ?"

"ፕሮፎርማ አልሽኝ፣ ፕሮፎርማ ላክሁልሽ።"

"ከወርክሾፑ በላይ ይሁን አላልሁህም?"

"ብለሻል። እኔ ግን የገዛሁት ሱቅ ነው፣ የድራማ ማጀቢያ አይደለም።" መቀሱን ዝቅ አደረገ። "የእኔ የእውነት ዋጋ ነው አኔግሬት። ውሸቱ አንቺ ያዘዝሽኝ ነበር። ከፈለግሽ ሂጂ ክሰሺኝ፤ ግን ምን ብለሽ እንደምትከሺኝ አስቢበት።"

ፊቷን አዙራ ወደ ቤቷ ገባች። ያንገበገባት ደግሞ ሰውዬው እውነቱን መሆኑ ነው።

በማግስቱ ደብዳቤ ጻፈች። የሃያ አንዱን ዓመት ስልክ አንድ በአንድ ዘረዘረች። ለዲርክሰን ብትሰጠው ውድድሩ ይሰረዛል፣ ወርክሾፑም ሌላ ዕድል ያገኛል፤ እሷ ግን ለጡረታ ሦስት ዓመት ሲቀራት ትባረራለች። ያም ሆኖ ቆርጣለች። ብቻ ወርክሾፑን የሚመራው ኦትማር ፊንከ ከሌላ ሰው ከሚሰማ ከእሷ ይስማ ብላ፣ ደብዳቤውን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወደ ወንዙ ወረደች።

ኦትማር በኮቴዋ ለያት።

"ወይዘሮ ብሩንስ! የዘንድሮውን ይዘው መጡ? ሚስማሩን እኮ መትቻለሁ።"

ግድግዳው ላይ ሃያ አንድ ደብዳቤ በመስታወት ተገጥሞ ተሰቅሏል። ሁሉም "ያቀረባችሁት ዋጋ ከተወዳዳሪዎች ዝቅተኛ ሆኖ ስለተገኘ" ብለው ይጀምራሉ። ሁሉንም የጻፈችው አኔግሬት ናት። ከመጨረሻው ቀጥሎ ባዶ ሚስማር አለ።

"ዘንድሮ አላሸነፋችሁም፣ አቶ ፊንከ።"

የያዘውን ጭረት አስቀመጠ። ሁለቱ ባልደረቦቹም እጃቸው ቆመ።

"በስንት ተበለጥን?"

"በግማሽ። ፕላስቲክ ነው።"

"ፕላስቲክ!" አለና ሳቀ። "ጥቅምት ላይ ቅጠሉ ሲረጥብ እናያቸዋለና!" ከዚያ ሳቁ ጠፋ። "መዝጋታችን ነው እንግዲህ። ቢሆንም ተወዳድረን ነው። ልጅ ሳለሁ እናቴ የሠራሁትን መጥረጊያ በየቤቱ ይዛ ትዞር ነበር። የሚገዙት መጥረጊያውን አልነበረም፤ ዓይኔን ነበር የሚገዙት። አንዷ ሴትዮ ገዝታ ስታበቃ ውጭ ጥላው ሄደች፤ ሲወድቅ ሰምቻለሁ። እዚህ ግን እንደ ማንም ሰው ተወዳድሬ ነው የበላሁት። ይሄ በምጽዋት ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን አላድርበትም ነበር።"

የአኔግሬት እጅ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ደብዳቤው ላይ ነበር። ደብዳቤው ከወጣ ኦትማር ግድግዳው ላይ የሰቀለው ምን እንደሆነ ያውቃል።

"ልነግርዎት የፈለግሁት..." አለች።

"ምን?"

"መጥረጊያዎቻችሁ ጥሩ ነበሩ።"

"እሱንማ አውቃለሁ" አለ ኦትማር።

ደብዳቤው ለዲርክሰን አልደረሰም። ለኦትማር አዝና ነው ወይስ ለጡረታዋ ፈርታ፣ አኔግሬት ራሷን እየጠየቀች ከረመች። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለቱም ነው፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ ግን እሷም አታውቀውም።

ሐምሌ ላይ ወርክሾፑ ተዘጋ። እንጨት መብሻ ማሽኑ ድሮ ማዘጋጃ ቤቱ ያዋሳቸው ስለነበር በትርፍ ንብረትነት ተመለሰ። ትርፍ ንብረት መዝግቦ ለጨረታ የሚያወጣውም ግዥ ክፍል ነው። አኔግሬት ወረቀቷን ይዛ ሄደች። ኦትማር ማሽኑን በእጁ እየዳሰሰ አስጻፋት።

"ቀበቶው አዲስ ነው ይበሉ። የግራው እጀታ ላላ ይላል፤ እሱንም ይጻፉት፣ ገዢው እንዳይታለል።"

ጻፈች።

"ጨረታውን እንደ እኛው አድርገው በሐቅ ያካሂዱልኝ።"

"እሺ" አለች። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ኦትማርን ወደ ቤቱ የሚወስደው ታክሲ በር ላይ ደርሶ ነበር። ኦትማር ሃያ አንዱን መስታወት በጋዜጣ ጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ ደርድሯቸዋል። በትሩን ይዞ ስለነበር አኔግሬት ካርቶኑን አነሳችለት። ከባድ ነበር።

"ቀስ ይበሉ፣ ወይዘሮ ብሩንስ" አለ ከኋላዋ። "እንዳይሰበሩብኝ።"

በሁለት እጇ አቅፋ፣ ደረጃውን አንድ በአንድ እየረገጠች አወረደችው። አንዱም አልተሰበረም።