በአንድ ቤሰደር የሚለቀቅ ቤት

አከራዩ አቪሻይ በር ሲያንኳኳ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያንኳኳል፣ ምድር ቤት ሳህን ይወድቃል። ቁመቱም እንዲሁ ነው፤ የእስራኤሏን ከተማ የቂርያት ማላኪን የድሮ ፎቆች ደረጃ ጎንበስ ብሎ ካልሆነ አይወጣውም። ያን እሑድ ግን ተከራዩን የሻሽወርቅን ያስደነገጣት ማንኳኳቱ ሳይሆን አለማንኳኳቱ ነበር። በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ገባ።

እሷ ያቭነ ካለው ፋብሪካ ተመልሳ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። አንዱ እግሯ ጫማ እንዳደረገ፣ አንዱ ባዶውን፣ ደርቃ ቀረች።

«ሻሎም የሻሽ፣» አለ በዕብራይስጥ፣ ሳሎኑን ገበያ ላይ እንደቀረበ በግ እያየ። «ቤቱን ለሌላ ሰው ልሰጠው ነው። ሐሙስ ትለቂያለሽ።»

«ቤሰደር፣» አለች የሻሽወርቅ።

«ቁልፍ የሚቀይር ሰው ይዤ እመጣለሁ። ዕቃሽን ቀድመሽ አውጪ።»

«ቤሰደር።»

«ጭቅጭቅ አልፈልግም። ተስማማን?»

«ቤሰደር፣ ቤሰደር፣» ብላ እንዲያውም ወንበር ሳበችለት። ሻይ ትጠጣለህ ወይ አለችው።

አልጠጣም አለ። ከደረት ኪሱ ስልኩን አወጣና በጣቱ ነካ ሲያደርገው የስልኩ መስታወት ላይ የነበረች ቀይ ነጥብ ጠፋች። የሻሽወርቅ እንደተቀረጸች የገባት ያኔ ነው።

የሻሽወርቅ ባደገችበት የጎንደር አገር ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ሲናገር «እሺ» ይባላል። እስማማለሁ ማለት አይደለም፤ ሰማሁህ፣ ቀጥል፣ አፍህ በከንቱ አይድረቅ ማለት ነው። በዚያ አገር እሺ ተብሎ ሳይደረግ የቀረው ነገር ቢከመር የራስ ዳሽንን ተራራ አንገት ያስደፋል። እስራኤል ስትገባ ያንኑ እሺ «ቤሰደር» የሚል ልብስ አለበሰችው እንጂ ሌላ ነገሩን አልነካችውም። ለሐኪሙ ቤሰደር፣ ለፋብሪካው አለቃ ቤሰደር፣ በስልክ ኢንተርኔት ለሚሸጠው ልጅ ቤሰደር፤ ከዚያ እነሱም በየቤታቸው፣ እሷም በቤቷ። «ሎ» የምትለዋን፣ አይሆንም ማለት የሆነችውን ቃል ግን ከሰው ፊት አውጥታት አታውቅም። እንዲያውም ቋንቋ ሲያስተምሯት ያቺን ቃል ብቻ ዘላ ተመረቀች ቢባል ውሸቱ ትንሽ ነው።

ማታውን መልእክት ገባላት። ፊደል እየቆጠረች አነበበችው። «ድምፅሽ አለኝ። ተስማምተሻል። ሐሙስ።»

 ውሏ እስከ ፔሳህ፣ እስከ ፋሲካ ነው፤ ኪራይ አጓድላ አታውቅም። ግን ምን ዋጋ አለው? በገዛ አፏ ተናግራዋለች። ልጇ ኖያ ወታደር ናት፤ ዓርብ ከጦር ሰፈር ስትመጣ የት ልትገባ ነው? ሌሊቱን ሙሉ የራሷ ድምፅ አቪሻይ ኪስ ውስጥ ተቀምጦ «ቤሰደር፣ ቤሰደር» ሲል ይሰማት ነበር።

ማክሰኞ ከሥራ ስትመለስ ቧንቧው አንድ ጊዜ ተነፈሰና ዝም አለ። ጎረቤት ውሃ አለ። ወጥታ ብታይ ደረጃው ላይ ያለው የእሷ ቤት ውሃ መዝጊያ ጥርቅም ተደርጎ፣ እጀታው ተነቅሎ ተወስዷል።  እሷ ያቭነ እያለች መጥቷል ማለት ነው። ነገም እሷ ስትወጣ ይመጣል፤ ስትመለስ ቁልፏ በሩ ውስጥ አይዞርም፤ የኖያ ፎቶግራፍ፣ አልጋው፣ ድስቱ፣ ሁሉም ውስጥ፣ እሷ ውጭ። ረቡዕ ሥራ ቀረች። ቆሻሻ ለመጣል እንኳ አልወረደችም። ደረጃው ላይ እግር በተሰማ ቁጥር ልቧ እንዲህ ይመታ ነበር፤ ከበሮ ቢሆን ኖሮ ለሲግድ በዓል ኢየሩሳሌም ድረስ ይበቃ ነበር።

ገዴራ ለሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ለደባሱ ደወለች። አባታቸው ከሞተ ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነው።

«ጋሼ፣ ባለቤቱ ውጪ አለኝ።»

«ምን ብለሽ መለስሽለት?»

«ቤሰደር አልኩት።»



«ቀረጸሽ?»

«ቀረጸኝ።»

«በይ አለቀ! ይሄ አገር ሰው የሚታሰረው በገመድ መሰለሽ? በድምፁ ነው! አሁን ፖሊስ ጠርቶ ዕቃሽን መንገድ ላይ ቢበትነውስ? መሳቂያ መሆን ነው። የጓደኛዬን የዕቃ መኪና፣ ቴንደሩን ይዤ ሐሙስ ጠዋት እመጣለሁ፤ ጭነን ወደ እኔ ቤት። ኖያንም አንቺንም ሳሎን እናስተኛችኋለን።»

«እሺ ጋሼ፣» አለች። ለታላቅ ወንድም የሚባል እሺ ደግሞ ከሌላው እሺ ይለያል። እሱ እውነተኛው ነው።

ከሰዓት በኋላ የፋብሪካ ጓደኛዋ ታፈሰች ለምን ቀረሽ ብላ ደወለች። ጉዳዩን ስትሰማ ጮኸችባት፤ ጩኸቷ አሽዶድ ወደብ መርከብ ሳያስደነግጥ አልቀረም። ከዚያ ያቭነ ያለች የአንዲት ወጣት ጠበቃ ስልክ ሰጠቻት። ሊሞር ትባላለች፤ የእኛው ልጅ ናት፤ እዚሁ ስለተወለደች ግን አማርኛዋ አንቱን አያውቅም።

«እማዬ፣ የቤት ሚሽፓት ወረቀት አሳየሽ? የዳኛ ውሳኔ?»

«ስልክ ነው ያሳየኝ።»

«ስልክ ዳኛ አይደለም! ስሚ። ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ማንም አያስወጣሽም። ውልሽ ቢያልቅም፣ ብትስማሚም፣ ኋላ አልወጣም ካልሽ ፍርድ ቤት መሄድ ያለበት እሱ ነው። ቁልፍ መቀየር፣ ውሃ መዝጋት፣ አሱር፣ ክልክል። ገባሽ?»

«ቤሰደር።»

«እማዬ!»

«ኧረ የአሁኑ የእውነቴን ነው!»

«እሱ በምን ይለየዋል? እናቴም እንዳንቺ ናት፤ ለዶክተሩ ቤሰደር ትልና ክኒኑን ሳትውጥ ታከማቻለች። ከአሁን ወዲያ ቤሰደር የለም። ቁልፍሽን ከውስጥ በኩል በሩ ላይ ሰክተሽ ተዪው፣ የእሱ እንዳይገባ። አትክፈቺ። ዕቃ እንዳታወጪ፣ አንድ ማንኪያ እንኳ! ከመጣ ሚሽታራ፣ ፖሊስ፣ ደውዪ። ከጠየቁሽ ሎ በይ። እስኪ ሞክሪ፣ በእኔ ላይ።»

የሻሽወርቅ አንድ ኩንታል ጤፍ እንደምታነሳ ሰው አየር ሳበች። «ሎ፣» አለች። ወዲያው ደግሞ «ይቅርታ የኔ ልጅ።»

ሐሙስ ነጋ። ለወንድሟ ደውላ ይቅሩ ማለት ነበረባት፤ ስልኩን አንስታ አስቀመጠች፣ አንስታ አስቀመጠች። ጋሼን አይሆንም ማለት! ከዚያስ አቪሻይ ይሻላል። እንዲህ ስትል ደረጃው ላይ እግር መጣ። የአንድ ሰው አይደለም። ብረት የሚንቋቋበት ሳጥን የያዘ አለ።

«የሻሽ! ክፈቺ!»

የአቪሻይ ቁልፍ በሩን ነካ ነካ አደረገና እንቢ አለው። የሻሽወርቅ መታጠቢያ ቤት ገብታ ፖሊስ ደወለች። ዕብራይስጡ ሁሉ ጠፍቶባት «ሌባ አይደለም፣ የቤቱ ሰውዬ ነው፣ በር ሊሰብር ነው፣ ዳኛ የለውም» ስትል እንዴት እንደተረዷት አምላክ ይወቅ፤ እየመጡ ነው አሏት። ስትመለስ መሰርሰሪያው ጀምሮ ነበር። ያ ድምፅ! በበሩ በኩል ገብቶ በጥርሷ በኩል ነው የሚወጣው። የብረት ብናኝ በቁልፉ ጎን እየተንጠባጠበ ምንጣፏ ላይ ወደቀ። ሁለት መዳፏን በሩ ላይ ለጥፋ ቆመች፤ በሩ ሲንቀጠቀጥ እሷም፣ እሷ ስትንቀጠቀጥ በሩም።

«ሎ!» አለች። አልተሰማም። ደገመችው፤ ያኔ መሰርሰሪያው ቆመ።

«ውስጥ ሰው አለ እንዴ?» አለ ቁልፍ ሠሪው። «ባዶ ቤት ነው አላልከኝም?»

«ተስማምታለች! ስማ!» አቪሻይ ስልኩን ከፈተው። የራሷ ድምፅ፣ ቀጭን፣ ትሑት፣ በደረጃው ሙሉ አስተጋባ። ቤሰደር። ቤሰደር። ቤሰደር፣ ቤሰደር። የሻሽወርቅ በዕድሜዋ ብዙ ነገር ፈርታለች፤ የገዛ ድምፅዋን ግን ያን ቀን ነው የፈራችው።

ቁልፍ ሠሪው ዕቃውን ወደ ሳጥኑ ሲመልስ ፖሊሶቹ ደረጃውን ወጥተው ደረሱ። ከኋላቸው ደግሞ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ደባሱ፣ የቴንደሩን ገመድ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ።

«አንተ ማነህ? ዕቃ ልታወጣ ነው የመጣኸው?» አለው ፖሊሱ።

ደባሱ ዩኒፎርም ሲያይ ምላሱ በራሱ ይሄዳል። «ቤሰደር! ቤሰደር፣ አዶኒ!» ጌታዬ ማለቱ ነው።

«ይኸው!» አቪሻይ አጨበጨበ። «መኪና አስመጥታለች! ይሄ ወንድሟ ነው! ተስማምታ ባይሆን ገመድ ምን ይሠራል?»

ፖሊሱ በሩን ተመለከተ። «ግቨሬት፣ እመቤቴ፣ ወንድምሽ ዕቃሽን ሊጭን መጥቷል። ትለቂያለሽ ወይስ አትለቂም?»

የሻሽወርቅ በሩን ሰንሰለቱ የፈቀደውን ያህል ከፈተችው። በስንጥቁ የታያት አቪሻይ አልነበረም። ጋሼ ነው፤ ላቡ ግንባሩ ላይ፣ ከገዴራ ለእሷ ብሎ የመጣ።

«የሻሽ፣ ከሰው አትጣይ፣» አላት በአማርኛ፣ በልመና ድምፅ። «ልቀቂለትና እንሂድ። እባክሽ።»

ጉሮሮዋ ላይ እሺ የምትለዋ ቃል ተጠቅልላ፣ ተዘጋጅታ ተቀምጣ ነበር። ብትወጣ ቤቱም አብሯት ይወጣል። ዋጠቻት፤ እንደ ድንጋይ ወረደች።

«ሎ፣» አለች ለፖሊሱ። ከዚያም ዓይኗን መሬት ተክላ፣ «ጋሼ፣ አይሆንም። አልሄድም። መኪናውን ይመልሱ።»



ፖሊሱ ወደ አቪሻይ ዞረ። «የፍርድ ቤት ውሳኔ አለህ?»

«ድምፅዋ አለኝ ስልህ—»

«ውሳኔ ነው ያልኩህ።»

አልነበረውም። ያለ ውሳኔ በሩን ዳግም ቢነካ እሱ ራሱ እንደሚወሰድ ተነገረው፤ ውሃ እንደተዘጋባት ስትናገርም እንዲከፍት ታዘዘ። እጀታውን እኔ አልወሰድኩም ብሎ ማለ። «ቤት ሚሽፓት እንገናኝ! ታያለሽ!» እያለ ወረደ፤ ኪሱ ውስጥ አንድ ብረት በየደረጃው ይንቃጨል ነበር። የሻሽወርቅ ያን «ታያለሽ» እስከ ምድር ቤት ድረስ አዳመጠችው። እንደሚመለስ ታውቃለች፤ በወረቀት፣ በጠበቃ፣ በምን እንደሚመለስ ብቻ አታውቅም።

ደባሱ ገመዱን እንደያዘ ቀረ።

«ለእኔ ነው፣ የሻሽ? በሰው ፊት?»

 መልስ ሳይጠብቅ ወረደ። ይሄኔ አቪሻይን የፈራችው ፍርሃት ሁሉ ቀላል ሆነ። ወንድሟን ሸጣ ግድግዳ የገዛች መሰላት። ሰንሰለቱን እንደያዘች የቴንደሩን ሞተር መነሣት ጠበቀች። አልተነሣም። በምትኩ እግር ወደ ላይ መጣ። የማን እንደሆነ ሳታጣራ በሩን ዘጋችው።

ከውጭ ብረት ከብረት ጋር ተጋጨ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፤ ሰው አቃሰተ፤ አንድ ነገር ሲጢጥ አለ። ከዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ቧንቧው እህ እህ ብሎ ሳለ፣ ቡናማ ውሃ ተፋ፣ ማፏጨትም ጀመረ።

«መዝጊያውን በጉጠት አዙሬዋለሁ፣» አለ የደባሱ ድምፅ ከበሩ ወዲያ። አልገባም፣ ልግባም አላለም። «ሰውዬው የበሩን ቁልፍ ግማሹን በስቶታል፤ ቁልፍሽ ይሠራል?»

የሻሽወርቅ ሞከረችው። አንዴ እንቢ አለ፣ በሁለተኛው ዞረ።

«ይሠራል፣ ጋሼ።»

«እንግዲያ ቆልፊ። ለእኔም ቢሆን አትክፈቺ ዛሬ።»

ቆለፈች። እግሩ ወርዶ፣ ሞተሩ ተነሥቶ፣ ባዶው መኪና ወደ ገዴራ መንገድ ሲታጠፍ እስክትሰማ ድረስ እጇን ከቁልፉ ላይ አላነሣችም።