መርዶው ከሰኞ በኋላ

የሟቹ ባለቤቴ እኅት ጌታነሽ ማክሰኞ ዘመሮ ላይ ዐረፈች። ረቡዕ ቀበርናት። ሐሙስ ደግሞ ልጄ የምሥራች ለፈተና ልትዘጋጅ ከአዲስ አበባ ሞላሌ ቤታችን መጣች። ስለ አክስቷ ሞት ምንም አታውቅም።

የምሥራች ዘጠነኛና ዐሥረኛ ክፍልን የተማረችው አክስቷ ቤት ሆና ነው። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ ማለዳ ላይ ነው የሚነገረው። ከቀብር ስንመለስ የእድራችን ሽማግሌ አቶ ተክለጻድቅ፣ «ልጅቱ ሰኞ ትፈተን። ማክሰኞ ማለዳ አዲስ አበባ ያሉት ዘመዶች ይንገሯት» አሉ። ሁሉም ተስማማ። እኔማ ከሁሉም በፊት። የምትማርበት የሙዚቃ ትምህርት ቤት በዚህ ፈተና ሁለት ጊዜ ጥሏታል። ለሦስተኛ ጊዜ ከወደቀች ትሰናበታለች። ስለዚህ ጥቁር ልብሴን አውልቄ፣ ነጭ ነጠላ ለብሼ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ተቀበልኳት።

ቼሎ የሚሉት መሣሪያዋ ትከሻዬ ይደርሳል። እንደ መሰንቆ በደጋን ነው የሚመታው፤ ድምፁ ግን እንደ በገና ከሥር ይመጣል።

«የሚፈትኑኝ የኮንቼርቶውን፣ የዚያን የረጅሙን ዜማ፣ ሁለተኛ ክፍል ነው» አለችኝ። «ቀስ የሚለውን። ፈጣኑንማ ማን ፈርቶት።»

ወረቀቱን አሳየችኝ። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ኖታውን ባላውቅም መምህሯ በእርሳስ የጻፈላትን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። «በጣም በዝግታ። ሐዘኑ ይሰማ፤ ለቅሶው ግን አይውጣ። አትሩጪ።» የመጨረሻውን ቃል ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

«ቅኝቱስ? ትዝታ ነው ባቲ?» አልኳት።

«ማይነር ይሉታል። ከትዝታ ብዙ አይርቅም፤ እሱም ሆድ ያባባል።»

ስልኳ ላይ ምት የሚቆጥርላትን ከፈተች። ቀጭ ይላል፤ ቆይቶ ደግሞ ቀጭ ይላል። በደቂቃ ሃምሳ ነው አለችኝ። በሁለቱ መካከል ሦስት ክፉ ሐሳብ ማሰብ ይቻላል። እሷ ስትጫወት እኔ በሩን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ሰፌዱን አንሥቼ የተለቀመውን ገብስ እንደገና አነፍሳለሁ።

«እማዬ፣ እባክሽ ተቀመጪ። የምታሮጪኝ አንቺ ነሽ።»

«እኔ ምን አደረግሁ?»

«ሰፌድሽ ከመምህሬም ከእኔም ይፈጥናል እኮ።»

ሳቀች። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ።

አርብ ጠዋት ስልኳን ይዛ ወደ ጓሮ መጣች። «እትዬ ጌታነሽ አታነሳም። ከትናንት ጀምሬ ስደውል።»

«ዘመሮ ኔትወርክ የለም።»

«ይጠራል እኮ።»

«እንግዲያ በጎቹን ፍለጋ ወጥታ ይሆናላ።»

«በዚያ ጉልበቷ?»

«አንቺ ልጅ፣ ልምምድሽን ያዢ። ሰኞ ደረሰ።»

ፊቴን አዙሬ ጎመኑን መቀንጠስ ጀመርኩ። ብነግራት ፈተናው ገደል ይገባል። ባልነግራት ደግሞ ሁለት ዓመት እንደ እናት የያዘቻትን ሴት እንዳታለቅስላት እየከለከልኩ ነው። ቀጥፌ ስጨርስ ለአንድ ቀን የማይፈጅ ብዙ ጎመን ይዤ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እንደገና ጀመረች። በዚህ ጊዜ አልሮጠችም። ወፍራሙ ክር ላይ አንድ ድምፅ ያዘችና ጎተተችው፤ ዝም አለች፤ እንደገና ጎተተችው። ሰው አፉን ዘግቶ የሚያቃስት ይመስላል። ከነበርኩበት ሳልነቃነቅ ቀረሁ። መስኮቱ ክፍት መሆኑን ልብ አላልኩም።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቴ እማማ ዓለምፀሐይ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ገቡ። ከኋላቸው አቶ ተክለጻድቅ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተከተሉ። እማማ በቀጥታ ወደ ልጄ ሄዱ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ የኔ ልጅ። አልቅሺ፣ ይውጣልሽ። እናትሽ እንኳን ነገረችሽ።»

ደጋኑ ክሩ ላይ እንዳለ ቆመ። ስልኩ ብቻ ቀጭ ይላል።

«ምኑን?» አለች የምሥራች።

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። «ስታለቅስ አልነበረም እንዴ? ድምጿን ከአጥር ወዲያ ሰምተን ነው የመጣነው።»

«እኔማ የሴት ልቅሶ አይደለም፣ ወፍራም ነው ብዬዎት ነበር» አሉ አቶ ተክለጻድቅ መሬት መሬት እያዩ። «እርስዎ መቼ ሰው ይሰማሉ።»

ልጄ አየችኝ። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ቀደምኳቸው።

«አክስትሽ ናት። ጌታነሽ። ማክሰኞ ዐረፈች።»

«ቀበራችኋት?»

«ረቡዕ።»

«የወሰንነው እኛ ነን» አሉ አቶ ተክለጻድቅ። «እናትሽን አትቆጪ።»

«እናንተን አልቆጣም፣ አባባ።» ዓይኗን ከእኔ አላነሳችም። «እሷ ግን ከመጣሁ ጀምሮ ፊቷን ሳየው የታመመች መስሎኝ ነበር። እማዬ፣ ሕመም የደበቅሽኝ መስሎኝ፣ ቶሎ ጨርሼ ሐኪም ቤት ልውሰድሽ እያልኩ ነው ስሮጥ የነበረው።»

እማማ ዓለምፀሐይ ቼሎውን ከእጇ ተቀብለው ግድግዳው ላይ አስደገፉትና አቀፏት። ያን ጊዜ አለቀሰች። እኔም ከቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ።

ሲመሽ፣ «ነገ ዘመሮ እሄዳለሁ» አለችኝ።

«ሰኞስ?»

«እሑድ እመለሳለሁ። ብወድቅም እኔ ልውደቅ። አንቺ አትሸከሚልኝ።»

አብረን ሄድን። እሑድ በመሐል ሜዳ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሸኘኋት። ሰኞ ሥራ መሥራት አቅቶኝ ስዞር ዋልኩ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደወለች።

«አለፍኩ። መምህሬ ግን አሁን ደግሞ አዘገየሽው አለኝ። አንድ ቦታ ላይ ጭራሽ ያቆምሽ መስሎኝ ነበር አለ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እማዬ፣ ከእንግዲህ እንዲህ እንዳታደርጊኝ።»

«አላደርግም» አልኳት።

ስልኩን ልዘጋ ነበር። ወንድሜ ወንዳፈራሁ ዓለም ከተማ ላይ ታሞ ከተኛ ሳምንት ሆኖታል። ልጄ በሚቀጥለው ወር ሌላ ፈተና አለባት።

«የምሥራች፣ አጎትሽ ወንዳፈራሁ ታሟል።»

ከኋላዋ የአዲስ አበባ ታክሲ ይጮኻል።

«ምኑን ነው ያመመው?» አለች።

እኔም ከጀመረው ቀን አንሥቼ ነገርኳት።